ያዕቆብ ያልጠበቀው ትንሣኤ

ባለፈው ዓመት፣ የትንሣኤ በዓል ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሆሳዕና ከተማ ዳር አንዲት እናት ቀበርን። ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ ቀዩ አፈር ጫማችን ላይ ተጣብቋል። መዘምራኑ በሀዲይኛ ዘመሩ፤ ወንጌላዊው ከአንደኛ ተሰሎንቄ ምዕራፍ 4 አነበበ፤ ወጣቶቹ አካፋ እየተቀባበሉ አፈሩን መለሱ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር እንደለመድነው ነበር። ወደ ለቅሶ ቤት ተመልሰን በእድሩ ድንኳን ከተቀመጥን በኋላ ግን የሟች ታላቅ ወንድም፣ ኦሪትን ደጋግመው ያነበቡ አዛውንት፣ የንፍሮውን ሳህን ገፋ አድርገው ወንጌላዊውን አንድ ነገር ጠየቁት። «ልጄ፣ ያዕቆብ ዮሴፍ ሞተ ሲሉት እያለቀሰ ሙታን ወዳሉበት እንደሚወርድ ተናገረ እንጂ በትንሣኤ እንደሚያገኘው አልተናገረም። ሙሴም ስለዚህ ነገር ያስተማረው ትምህርት የለም። እኛ ዛሬ መቃብር ላይ ያልነው ነገር እንግዲህ መቼ መጣ?»

«አባባ፣ ዳንኤል ላይ አለ» አለ ወንጌላዊው።

«ዳንኤልስ ላይ ሲደርስ ከየት ተነሥቶ ነው?»

ድንኳኑ ውስጥ የነበርን ሰዎች ዝም አልን። ጥያቄው የጥርጣሬ አልነበረም፤ እኚያ አባት እህታቸውን እንደሚያገኟት ከማናችንም በላይ ያምናሉ። የጠየቁት የሚያምኑት ነገር የመጣበትን መንገድ ነው። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ያነበብኩትን ሁሉ ያነበብኩት ያቺን ጥያቄ ይዤ ነው።

መልሱን ለመፈለግ ከሆሳዕና የተሻለ ከተማ አላውቅም። በዚህች ከተማ በአንድ መንደር ውስጥ ሦስት ዓይነት መጽሐፍ ቅዱስ ይነበባል። የቃለ ሕይወት፣ የመካነ ኢየሱስ፣ የሙሉ ወንጌልና የሌሎቹ ወንጌላውያን አማኞች 66 መጻሕፍት ያሉትን ያነባሉ። ካቶሊካውያኑ 73 መጻሕፍት አሏቸው። ኦርቶዶክሳውያኑ ደግሞ ሰማንያ አሐዱ ይላሉ። በእነዚህ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ የክርክር ርእስ ይሆናል። ለእኔ ግን ሌላ ነገር ታየኝ፦ የትንሣኤ ሙታን እምነት ቅርጽ የያዘው፣ ባለ 66ቱን የሚያነብ ሰው ከሚልክያስ ወደ ማቴዎስ ገጽ ሲገለብጥ በሚዘላቸው አራት መቶ ዓመታት ውስጥ ነው። የእነዚያን ዓመታት ድምፅ ከያዙት መጻሕፍት አንዳንዶቹ ደግሞ ከዓለም ሁሉ ይልቅ በኛ አገር፣ በግዕዝ ብራና ላይ ተጠብቀው ቆይተዋል። ከብራናዎቹ አገር ሆነን ስለ ጉዳዩ የምናውቀው ከሌላው ያነሰ መሆኑ ያሳዝነኛል።

የጥንቱ እስራኤላዊ ሲሞት ወደ ሲኦል ይወርዳል። ዛሬ ሲኦል ስንል የኃጢአተኞች መቀጫ እሳት ይታየናል። በቀደሙት የዕብራይስጥ መጻሕፍት ግን ሲኦል ጻድቁም ኃጥኡም፣ ንጉሡም ባሪያውም የሚወርዱበት ጨለማና ጸጥ ያለ ስፍራ ነው። መዝሙረኛው በብዙ ቦታ እግዚአብሔርን ከሞት አድነኝ ብሎ ሲለምን የሚያቀርበው ምክንያት ሙታን ሊያመሰግኑ አለመቻላቸው ነው። ንጉሡ ሕዝቅያስ ከሕመሙ ሲነሣ ያቀረበው ምስጋናም ይህንኑ ይላል። መክብብ ደግሞ ሙታን አንዳች እንደማያውቁ በግልጽ ይናገራል። ሰው ከሞተ በኋላ የሚቀጥለው በልጆቹ፣ በስሙና በርስቱ ነበር፤ «ወደ አባቶቹ ተሰበሰበ» የሚለው አነጋገርም ከዚሁ የመጣ ነው። ይህ ለሀዲያና ለከምባታ ሰው እንግዳ ሐሳብ አይደለም። የአባቶቹን ስም ወደ ኋላ ብዙ ትውልድ የሚቆጥር፣ ሽማግሌ ሲሞት የጎሳውን ስም እየጠራ የሚያለቅስ ሕዝብ፣ ያዕቆብ አጥንቱን ከአባቶቹ ጋር እንዲቀብሩለት ልጁን ለምን እንዳስማለው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በዚህ ጸጥታ ላይ አልፎ አልፎ ስንጥቅ ይታያል። ሄኖክና ኤልያስ ሳይሞቱ ተወሰዱ። ኤልያስና ኤልሳዕ የሞቱ ልጆችን አስነሡ፤ የኤልሳዕን አጥንት የነካ ሬሳም ተነሣ። የተነሡት ግን ተመልሰው የሞቱ ናቸው፤ ስለ ሁሉም ሰው ፍጻሜ የሚናገሩት ነገር የለም። ኢዮብ ዛፍ ተቆርጦ ሊያቆጠቁጥ እንደሚችል፣ ሰው ግን ተኝቶ እንደማይነሣ አንገቱን ደፍቶ ይናገራል፤ ከአምስት ምዕራፍ በኋላ ደግሞ ቤዛው ሕያው መሆኑን ያውጃል። ያ ሁለተኛው ክፍል በዕብራይስጡ እጅግ አስቸጋሪ ንባብ ስለሆነ ተርጓሚዎች እስከ ዛሬ አልተስማሙበትም፤ ብዙ ሰባኪ የትንሣኤ ስብከቱን በዚያ ላይ ብቻ ሲመሠርት ስሰማ እሰጋለሁ።

የሕዝቅኤል ሸለቆ ከሁሉ ይበልጥ ይጠቀሳል። የደረቁት አጥንቶች እርስ በርሳቸው ሲጋጠሙ፣ ጅማትና ሥጋ ሲለብሱ፣ ነፋስ ሲገባባቸው ያየው ነቢይ በባቢሎን ምርኮ የነበረ ሰው ነው፤ ኢየሩሳሌም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ገደማ ፈርሳለች። ምዕራፉ ራሱ የራእዩን ፍቺ ይሰጣል፦ አጥንቶቹ ተስፋ የቆረጠው የእስራኤል ቤት ናቸው፤ ከመቃብር መውጣታቸውም ወደ አገራቸው መመለሳቸው ነው። የመጀመሪያው ትርጉም የአንድ ሕዝብ መነሣት ነበር። ኋላ የመጡ አንባቢዎች ግን ሥዕሉን በቃሉ ወሰዱት። ቁምራን አጠገብ በሙት ባሕር ዋሻዎች ከተገኙት ጥቅሎች መካከል ሕዝቅኤልን እየተከተለ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አለ፤ በእርሱ ውስጥ የአጥንቶቹ ራእይ ጽድቅን ለወደዱ ሰዎች ዋጋቸው የሚከፈልበት ቀን ሆኖ ይነበባል። ምሳሌው ወደ ተስፋ የተለወጠው እንዲህ ባለ ንባብ ነው። የኢሳይያስ ምዕራፍ 26ም ስለ ሙታን መነሣትና ስለ ጠል ሲናገር፣ የሕዝብ ነው ወይስ የግለሰብ የሚለው ክርክር አላበቃም።

አንዳንድ ሊቃውንት እምነቱ ከፋርስ፣ ከዘራቱስትራ ሃይማኖት መጣ ይላሉ። አይሁድ ሁለት መቶ ዓመት ያህል በፋርስ መንግሥት ሥር ስለኖሩ መተዋወቅ አይቀርም። ነገር ግን የፋርስ መጻሕፍት አሁን ባላቸው መልክ የተጻፉት ብዙ ዘግይተው ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአይሁድ መጻሕፍት ትንሣኤን የሚያነሡበት ጥያቄ የራሳቸው፣ ከራሳቸው ቁስል የወጣ ነው። ጥያቄው ፍርድ ነው፦ በግፍ የሞተ ሰው፣ ገዳዩ በሰላም ሸምግሎ ከሞተ፣ እግዚአብሔር ጻድቅ ዳኛ የሚባለው እንዴት ነው?

ይህ ጥያቄ መጀመሪያ በግልጽ የሚሰማው በመጽሐፈ ሄኖክ ምዕራፍ 22 ነው። መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዘመን ከጎንደር ሦስት ቅጂ ይዞ እስኪመለስ ድረስ አውሮፓ የምታውቀው ከቁራጭ ጥቅሶች ነበር። በ20ኛው መቶ ዘመን በቁምራን የአረማይስጥ ቁርጥራጮቹ ሲገኙ ደግሞ የግዕዙ መጽሐፍ ምን ያህል ጥንታዊ ሥር እንዳለው ታወቀ። ምዕራፍ 22ን የያዘው ክፍል ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዘመን የነበረ ነው፤ ብዙዎቹ ተመራማሪዎች እንደሚሉት የዳንኤል መጽሐፍ የመጨረሻ መልኩን ከመያዙ በፊት ማለት ነው።

ምዕራፉን ቀርበን እንየው። ሄኖክ ወደ ምዕራብ ተወስዶ ትልቅና ረጅም የድንጋይ ተራራ ያያል። በተራራው ውስጥ ጥልቅ የሆኑ፣ ውስጣቸው የተስተካከለ ዋሻዎች አሉ። መልአኩ ሩፋኤል የሙታን ነፍሳት እስከ ፍርድ ቀን የሚሰበሰቡበት ስፍራ መሆኑን ይነግረዋል። አንዱ ብሩህ ነው፤ የውኃ ምንጭም አለው፤ የጻድቃን ነው። ሌላው በሕይወታቸው ሳሉ ፍርድ ሳያገኛቸው የሞቱ ኃጢአተኞች የሚቆዩበት ነው። ሌላው ደግሞ በግፍ የተገደሉት ክስ የሚያሰሙበት ነው። በመጨረሻ ከስፍራቸው የማይነሡ ሰዎች ያሉበት አለ። ሄኖክ በዚያ አንድ ድምፅ ሲጮህ ይሰማል፤ ማን ነው ሲል ይጠይቃል። የአቤል መንፈስ ነው። ቃየል የገደለው አቤል የወንድሙ ዘር ከምድር እስኪጠፋ ድረስ መክሰሱን አያቆምም።

ይህን ስፍራ ባነበብኩ ቁጥር የምቆመው አቤል ላይ ነው። የያዕቆብ ሲኦል ዝም ያለ ነበር። የሄኖክ ሲኦል ግን ክፍል ክፍል አለው፤ ድምፅ አለው፤ ቀጠሮም አለው። ሙታን ፋይላቸው ያልተዘጋ ባለጉዳዮች ሆነዋል። የትንሣኤ ተስፋ ሥሩ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፦ ሰው ለዘላለም መኖር ስለፈለገ የመጣ ምኞት ሳይሆን፣ የተገፋ ሰው አቤቱታ ምላሽ ማግኘት አለበት ከሚል እምነት የወጣ ነው።

ከዚያ መከራው መጣ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ167 ገደማ አንጥያኮስ ኤጲፋንስ የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ አረከሰ፤ ሰንበትን፣ ግዝረትንና ሕጉን ማንበብን ከለከለ። የቀድሞው ትምህርት ሕግን የሚጠብቅ ዕድሜው ይረዝማል የሚል ነበር። አሁን ሕግን የጠበቀው በወጣትነቱ ታረደ፤ የካደው ግን ሹመት አገኘ። ብዙዎቹ ሊቃውንት የዳንኤልን 12ኛ ምዕራፍ የሚያነቡት በዚህ እሳት ብርሃን ነው። በመሬት አፈር ውስጥ ከተኙት ብዙዎቹ እንደሚነቁ፣ እኩሌታቸው ለሕይወት እኩሌታቸው ለእፍረት እንደሚሆኑ፣ ጥበበኞችም እንደ ከዋክብት እንደሚያበሩ ይናገራል። መጽሐፉ «ሁሉም» ሳይል «ብዙዎች» ማለቱን ልብ በሉ። ጉዳዩ ያልተቋጨለት ሰው ነው የሚጠራው። ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት አባት «ከየት ተነሥቶ ነው?» ላሉት ጥያቄ ከዚህ የሚቀርብ መልስ አላገኘሁም።

ካቶሊካውያን ወገኖቻችን በሁለተኛ መቃብያን ምዕራፍ 7 የእናቲቱንና የሰባት ልጆቿን ታሪክ ያነባሉ። ልጆቹ የተከለከለ ሥጋ አንበላም ብለው በየተራ ሲገደሉ፣ አንዱ እጆቹን ዘርግቶ ከሰማይ እንደተቀበላቸውና መልሶ እንደሚያገኛቸው ይናገራል። እናትየዋም ልጆቹ በማኅፀኗ እንዴት እንደተሠሩ ባታውቅም የሠራቸው እንደሚመልሳቸው ታጽናናቸዋለች። እዚህ ትንሣኤ የተቆረጠው እጅ መመለስ ነው፤ ሥጋ ያለው፣ የሚዳሰስ ነው። በኦርቶዶክሱ ሰማንያ አሐዱ ያሉት መቃብያን ስማቸው ይመሳሰል እንጂ ሌሎች መጻሕፍት ናቸው። በእነርሱም ግን ለጣዖት አንሰግድም ብለው በንጉሥ ጺሩጻይዳን የተገደሉ ወንድማማቾች አሉ፤ ስለ ትንሣኤ ሙታን የፈሪሳውያንና የሰዱቃውያን ክርክርም በሰፊው ይነሣል። መከራና ትንሣኤ በሁለቱም ተነጣጥለው አይገኙም።

ሀዲያና ከምባታ ውስጥ ይህ ሩቅ ታሪክ አይመስልም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን (ኤስ.አይ.ኤም.) ሰዎች ወደዚህ አካባቢ ሲመጡ የተቀበላቸው ሕዝብ ዋኣ ብሎ የሚጠራውን አንድ ፈጣሪ የሚያውቅ፣ በነባሩ የፋንዳኖ እምነት ሥርዓት የሚጾምና የሚጸልይ ወይም ከሙስሊም ጎረቤቶቹ ስለ ቂያማ፣ ስለ ትንሣኤ ቀን፣ የሚሰማ ነበር። ጣሊያን አገሩን ሲይዝ ሚሲዮናውያኑ ወጡ። የቀሩት ጥቂት አማኞች እስራትና ግርፋት ቢደርስባቸውም ቁጥራቸው በዝቶ ተገኘ። በደርግ ዘመንም በደቡብ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው አማኞች በየቤቱ ተሰብስበው ይጸልዩ ነበር። ከእነዚያ ዘመናት የተረፉ አባቶችና እናቶች ትንሣኤ ሲሉ የሚያስቡት ደመና ላይ ስለ መቀመጥ ብቻ አይደለም፤ ፍርድ የሚታይበትን ቀን ነው። በዚህ ነገር ከብዙ የነገረ መለኮት ተማሪ ይልቅ ለሄኖክና ለዳንኤል ይቀርባሉ።

ነገር ግን መንገዱ አንድና ቀጥ ያለ እንዳይመስላችሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዘመን የተጻፈው፣ ሙሉውም በግዕዝ ብቻ የተረፈልን መጽሐፈ ኩፋሌ በ23ኛው ምዕራፍ የጻድቃን አጥንት በምድር እንደሚያርፍ፣ መንፈሳቸው ግን እጅግ እንደሚደሰት ይናገራል። አጥንቱ ከመሬት አይወጣም። በግሪክ ቋንቋ የተጻፈው መጽሐፈ ጥበብ ደግሞ የጻድቃን ነፍስ በእግዚአብሔር እጅ መሆኗን እንጂ ስለ ሥጋ መነሣት አይናገርም። ሲራክ ከእነዚህ ሁሉ ራቅ ብሎ የድሮውን ጸጥተኛ ሲኦል ይይዛል። በአንድ ዘመን፣ በአንድ ሕዝብ ውስጥ፣ ሁሉም ኦሪትን እያነበቡ፣ አንዱ ሥጋ ይነሣል ሲል ሌላው መንፈስ ይደሰታል፣ ሦስተኛው ደግሞ ስም ይቀራል ይላል።

ወንጌሎችን ስንከፍት ራሳችንን የምናገኘው በዚህ ክርክር መካከል ነው። ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፉስም ሉቃስም በሐዋርያት ሥራ እንደሚመሰክሩት ፈሪሳውያን ትንሣኤን ሲያምኑ ሰዱቃውያን ይክዱ ነበር። ሰዱቃውያን ዘመናውያን ተጠራጣሪዎች አልነበሩም፤ የቤተ መቅደሱ ሹማምንት፣ የድሮውን ትምህርት የያዙ፣ በሙሴ መጻሕፍት የሌለውን አንቀበልም የሚሉ ሰዎች ነበሩ። የእኚያ አባት ጥያቄ በአንድ በኩል የእነርሱ ጥያቄ ነው።

ኢየሱስን የጠየቁትም ከኦሪት ሕግ ተነሥተው ነው፦ ሰባት ወንድማማቾች በየተራ አንዲትን ሴት ወርሰው ሁሉም ያለ ልጅ ቢሞቱ በትንሣኤ የማን ሚስት ትሆናለች? የከተማ ልጆች ይህን ሲያነቡ የተፈጠረ እንቆቅልሽ ይመስላቸዋል። በሀዲያና በከምባታ ገጠር ያደገ ሰው ግን የሟች ወንድም ሚስትን መውረስ ምን እንደሆነ ያውቃል። የሟቹ ቤት እንዳይፈርስ፣ መሬቱ ከጎሳ እንዳይወጣ፣ ልጆቹ እንዳይበተኑ ይባላል፤ ሴቲቱ ምን ትላለች ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። የሰዱቃውያኑ ጥያቄ ያረፈው በዚያ ልማድ ላይ ነው፦ ሰው የሚቀጥለው በዘር ከሆነ ትንሣኤ ለምን ያስፈልጋል? ኢየሱስ ሲመልስ በትንሣኤ እንደማይጋቡ ተናገረ። ቀጥሎም እነርሱ ከሚቀበሉት ከዘጸአት ጠቅሶ፣ እግዚአብሔር ለሙሴ በቁጥቋጦው ራሱን የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ ብሎ መጥራቱን አነሣ። አባቶች ለዘላለም የሞቱ ቢሆኑ እግዚአብሔር በእነርሱ ስም ራሱን አይጠራም ነበር። ማስረጃው የነፍስ ባሕርይ ወይም የአጥንት ብርታት አይደለም፤ የእግዚአብሔር ታማኝነት ነው። በዚህ መልስ ውስጥ ያዕቆብ ራሱ፣ ያ ምንም ያልጠበቀው፣ ሕያው ሆኖ ተቆጥሯል። ይህ ሲገባኝ እኚያን አባት ፈልጌ ልነግራቸው ሄድኩ።

ማርታ በአልዓዛር መቃብር አጠገብ ወንድሟ በመጨረሻው ቀን እንደሚነሣ እንደምታውቅ ትናገራለች። ይህ የፈሪሳውያን እምነት ነው፤ በዚያን ጊዜ ብዙው ሕዝብ ተቀብሎታል። ክርስትና አዲስ ያመጣው የትንሣኤን ሐሳብ አይደለም። አዲሱ ነገር ጊዜው ነው። ሁሉም በመጨረሻው ቀን አንድ ላይ ይነሣሉ ተብሎ ሲጠበቅ፣ አንድ ሰው ብቻውን፣ በታሪክ መካከል፣ ዓለም እንደነበረች እያለች ተነሥቷል አሉ ደቀ መዛሙርቱ። ያ ሰው በሮማ መንግሥት በወንጀለኛ ሞት የተሰቀለ ነበር። የአቤል አቤቱታ በአንድ ሰው አማካይነት አስቀድሞ ፍርድ አገኘ ማለት ነው። ጳውሎስ ይህን «በኩራት» በሚለው ቃል ነው የገለጸው፤ አዝመራው ገና በማሳው ላይ ሳለ መጀመሪያ የደረሰው ነዶ።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ወዲያው ተወለደ። ክርስቶስ ተነሥቷል፤ ታዲያ ወገኖቻችን ለምን ይሞታሉ? እ.ኤ.አ. በ50 ገደማ የተሰሎንቄ ሰዎች የሞቱባቸው ዘመዶች ጌታ ሲመጣ ይቀሩ ይሆን ብለው ተጨነቁ። በየቀብሩ የምናነበው ምዕራፍ 4 ለዚህ ጭንቀት የተጻፈ መልስ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ የቆሮንቶስ ሰዎች ሬሳ ይነሣል የሚለው ነገር አስነዋሪ ሆነባቸው፤ በግሪክ ባህል ለጥበበኛ ሰው የሚገባው ነፍስ ከሥጋ ማምለጧ ነበርና። በአቴናም ጳውሎስን የሳቁበት ይህን ሲናገር ነው። የመጀመሪያው ቆሮንቶስ 15ኛ ምዕራፍ ከመቃብያን እናት እምነት አንድ እርምጃ ይርቃል፤ የተቆረጠው እጅ እንደነበረ ይመለሳል አይልም። የሚዘራው ሌላ፣ የሚነሣው ሌላ፤ ሆኖም ያው ነው።

ጳውሎስ ምሳሌውን ከስንዴ ወሰደ። አንጋጫ ወይም ዶዮገና ቢያድግ ኖሮ ከእንሰት ይወስድ ነበር ብዬ አስባለሁ። የኛ ገበሬ እንሰትን በዘር አያባዛም። ለጋውን ተክል ይነቅላል፤ ከመሬት በታች ካለው ከአሚቾው በላይ ያለውን ግንድ ይቆርጣል፤ የመሐሉን እምብርት ፈልፍሎ ያወጣል። አሚቾውን ሙሉውን ወይም ሰንጥቆ በጉድጓድ ይቀብርና ፍግና አፈር ይመልስበታል። ያየው ልጅ ተክሉ ተገደለ ይላል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ከዚያ ከተቀበረው ዙሪያ ቡቃያው አፈሩን ገፍቶ ይወጣል፤ ከአንዱ አሚቾ በደርዘን የሚቆጠር። አያቴ ጓሮ ይህን ስሠራ አድጌያለሁ፤ ቀብር ላይ አፈር ሲመለስ የማስበውም ይህን ነው። ምሳሌው ግን ወሰን አለው፤ ጳውሎስም የገዛ ምሳሌውን እዚያው ወስኖታል። አሚቾው የሚያቆጠቁጠው በራሱ ውስጥ ባለ ኃይል ነው። ሬሳ ውስጥ እንዲህ ያለ ኃይል የለም። ለእያንዳንዱ ዘር አካል የሚሰጠው እግዚአብሔር ነው ይላል ጳውሎስ፤ ትንሣኤም ስጦታ እንጂ ቡቃያ አይደለም።

የወንጌሎቹ አተራረክም አንድ ወጥ አይደለም፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። በጥንታዊዎቹ የግሪክ ቅጂዎች ማርቆስ የሚያበቃው ሴቶቹ ፈርተው ከመቃብሩ ሲሸሹ ነው። ሉቃስ የተነሣው ጌታ የተጠበሰ ዓሣ መብላቱን ይነግረናል። ዮሐንስ የቶማስን ነገር ይጽፋል። መንፈስ ወይስ ሥጋ የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያው ትውልድ ጀምሮ ነበረ ማለት ነው።

በሁለተኛው መቶ ዘመን ጥያቄው ቤተ ክርስቲያንን ከሁለት ሊከፍላት ደረሰ። ትንሣኤ አሁን በእውቀት የሚገኝ የነፍስ መንቃት ነው የሚሉ መጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1945 በግብፅ ናግ ሐማዲ የተገኘው ለሬጊኖስ የተጻፈው ደብዳቤ ይህን በጨዋ አነጋገር ያስተምራል። በሌላ በኩል ሄሬኔዎስና ተርቱሊያን ሥጋ ካልተነሣ የፈጣሪ ሥራ ተናቀ ብለው ተከራከሩ። የሁለተኛው ወገን ድምፅ እስከ ዛሬ በግዕዝ ይሰማል። በመጽሐፈ ኪዳን ብራናዎች ተያይዞ ሙሉው በግዕዝ የተረፈው የሐዋርያት ደብዳቤ፣ የተነሣው ጌታ እንድርያስን እግሮቹ መሬት መርገጣቸውን እንዲያይ ሲያዝዘው ያሳያል፤ ምትሐት ዱካ የለውምና። በግዕዝ የተጠበቀው የጴጥሮስ ራእይም አራዊትና ወፎች የበሉትን የሰው ሥጋ ሁሉ እንዲመልሱ እንደሚታዘዙ ይናገራል። በባሕር ሰጥሞ፣ በበረሃ ለጅብ ተጥሎ ለቀረ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ተስፋ ምን አለ? ባለፉት ዓመታት ከሆሳዕናና ከዱራሜ ተነሥተው ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲጓዙ በየመንገዱ የቀሩ፣ ሬሳቸው ያልተመለሰ ልጆች ያሏቸው እናቶች ይህን ምዕራፍ ቢሰሙት እመኛለሁ።

አይሁድም በበኩላቸው ቤተ መቅደሳቸው እ.ኤ.አ. በ70 ከፈረሰ በኋላ የፈሪሳውያንን መንገድ ያዙ። በሰማንያ አሐዱ ያለው ዕዝራ ሱቱኤል ከዚያ ፍርስራሽ መካከል የተጻፈ ለቅሶ ነው፤ ምድር የተኙባትን እንደምትመልስ ይናገራል። በ200 ገደማ የተሰበሰበው ሚሽና ትንሣኤ ሙታን ከኦሪት አይደለም የሚል ሰው በሚመጣው ዓለም ድርሻ እንደሌለው ይደነግጋል። አይሁድ በየቀኑ በሚጸልዩት ጸሎትም ሁለተኛው በረከት ሙታንን የሚያስነሣውን ያመሰግናል። ሰዱቃውያን ከቤተ መቅደሱ ጋር ጠፉ። ቤተ ክርስቲያንና ምኩራብ በብዙ ነገር ሲለያዩ በዚህ ግን የአንድ እናት ልጆች ሆነው ቀሩ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር አምስተኛው ትንሣኤ ሙታን ነው።

ዛሬ በከተሞቻችን ቀብር ላይ የሚሰበከውን ስሰማ አንድ ነገር ያሳስበኛል። በድንኳኑ ውስጥ፣ በመዝሙሩም በስብከቱም፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚነገረው ሟቹ ወደ ሰማይ መሄዱ፣ ማረፉ፣ ከጌታ ጋር መሆኑ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ጳውሎስም ከክርስቶስ ጋር ለመሆን እንደሚናፍቅ ጽፏል። ነገር ግን ይህ ብቻ ሲነገር፣ የምንሰብከው ከጳውሎስ ይልቅ ለመጽሐፈ ጥበብና ለመጽሐፈ ኩፋሌ ይቀርባል፦ አጥንት በምድር ያርፋል፣ መንፈስ ይደሰታል። አቤል ይረሳል። የተገፋው ሰው አቤቱታ፣ ሬሳው ያልተገኘው ልጅ፣ ይህች ምድር ራሷ የምትታደስበት ተስፋ ከስብከቱ ይወጣሉ። ትንሣኤ መጽናኛ ከመሆኑ በፊት ፍርድ ነበር፤ ፍርዱን ያወጣንበት ስብከት መጽናናቱንም ግማሽ ያደርገዋል።

እንግዲህ ለወንጌላውያን ሰባኪዎቻችን ይህን እለምናለሁ። ሄኖክን እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ተቀበሉ አልልም፤ ያ የየቤተ ክርስቲያናችሁ ጉዳይ ነው። ነገር ግን የይሁዳ መልእክት ጸሐፊ አንብቦት ጠቅሶታል፤ ያቆዩልንም ከኛው አገር የተነሡ ጸሐፍት ናቸው፤ በአማርኛም ይገኛል። ከተማችን የተሰየመችበት እሁድ ከትንሣኤ አንድ ሳምንት ይቀድማል። በመጪው ሰሙነ ሕማማት፣ ከሆሳዕና እሁድ በኋላ ባሉት ቀናት በአንዱ፣ ዳንኤል 12ን ስትከፍቱ ስለ ነፍሳት ዋሻዎች የሚናገረውን የሄኖክ ክፍል ከኦርቶዶክስ ጎረቤታችሁ ተውሳችሁ አጠገቡ አንብቡ። የሄኖኩ ክፍል ከአሥራ ጥቂት ቁጥሮች አይበልጥም።